ጀማሉዲን ስላልነካው የኮፈን ግማሽ

ለተከበሩ ጓድ ሞላልኝ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ነሐሴ 1976 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በሂስ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ ተሻለዎት? በስብሰባ ላይ ሲጮኹ የሚነሳብዎት ደም ግፊትስ? አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው ዱዓ አደርጋለሁ፤ ድንገት ቢታጡብን ይህ ሁሉ የቀበሌ ሕዝብ የሐዘን ፊት ከወዴት ያመጣል እያልኩ በጣም እጨነቃለሁና።

እኔ ሁስኒያ በሺር እባላለሁ፤ መኪና ፖሊሽ የሚያደርገው የጀማሉዲን ሚስት ነኝ። ስሜ ቢጠፋብዎት አይደንቅም፤ በቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዤ የምቆመው፣ እርስዎ በመጡ ቁጥር የአብዮት ጠባቂው ወደ አጥሩ የሚገፈትረኝ ሴት ነኝ። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ያለ አንዳች ፍርሃት በሰሌዳው ላይ እንዲለጥፍ አዝዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የእርስዎ ፎቶግራፍ ብቻ መሆኑን አይቼ አንጀቴ ስላልቻለ፣ ብቸኝነቱን ላስታግስልዎ ይህን ጻፍኩ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቴን ይፍቱልኝ። ምክንያቶቼንም እርስዎ እንዳስተማሩን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ለንጽሕና ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ያቺ የሚያሽከረክሯት ጥቁር ፔጆ፣ ሐጂ አብዱልሐሚድ ሁለት ጠመንጃ በራቸው ላይ በምስክርነት ቆሞላቸው በገዛ ፈቃዳቸው ለአብዮቱ ያበረከቷት መኪና፣ በእሳቸው ዘመን ጎረምሳው ሁሉ ቆም ብሎ ጠጉሩን የሚያበጥርባት መስታወት ነበረች። በእርስዎ እጅ ከገባች ወዲህ ግን፣ ሰማዩ ጨክኖ እኛ ባልዲ ደርድረን የቧንቧውን ጠብታ በምንጠብቅበት በዚህ ክረምት፣ በየማለዳው ከዚያው ቧንቧ በሚቀዳ ውሃ፣ በአመድና በጆንያ ስትፈተግ ከርማለች። ጥላሸት የጠጣ ድስት እንኳ እንዲህ አይፈተግም። ጆንያውና አመዱም በቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ክብ ክብ የሆነ የጭረት ዓይነት ጥለውበታል። ጭረቱ ቀጭን ስለሆነ በጥላ ሥር አይታይም፤ ቀለሙ ያረጀና የደበዘዘ ብቻ ይመስላል። ፀሐይ ስታርፍበት ግን ያለ የሌለው ሁሉ ይወጣል።

2ኛ. ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል መኪናዋ እንድታብለጨልጭ ባለቤቴን አዘዙት፤ እሱም ታዘዘ። በቀበሌው ግቢ ዛፍ ሥር አቁሞ በሳሙና አጠባት፣ ፖሊሹን በለስላሳ ጨርቅ እየቀባ፣ ክብ ክብ እያዞረ፣ ጭረቱ ከቀለሙ ገጽ እስኪጠፋ ድረስ አሸ፤ በላዩም ሰም አለበሰው። ይህን ያደረገው በኮፈኑ፣ በሞተሩ ክዳን፣ ቀኝ ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ግራውን ግማሽ እንዳለ የተወው፣ ባለ መኪናው የበፊቱንና የአሁኑን ጎን ለጎን አይቶ እንዲደሰት ነው፤ ለማንም የሚያደርገው እንዲሁ ነው። የባለቤቴ ጥፋት፣ ወላሂ፣ እርስዎ አይተው ይለያሉ ብሎ መገመቱ ብቻ ነው።

እርስዎ መጡ፤ መኪናዋም ወደ ፀሐይ ወጣችልዎት። በጸዳው ግማሽ ላይ ጎንበስ ሲሉ የገዛ ፊትዎ ተቀበለዎት፤ ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉም አይቻለሁ። በዚህ አልፈርድብዎትም፤ ያ ፊት ሳያስጠነቅቅ ድንገት ቢመጣብኝ እኔም ልጮህ እችላለሁ። ቀጥለው ግራውን ግማሽ አዩ። የከረመውን የጆንያ ጭረት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ዕለት ነውና «ይህ አሻጥረኛ የሕዝብ ንብረት ቧጨረ!» ብለው አገሩን አናወጡት። አጃኢብ ነው! ልጅ ግማሽ ፊቱን ታጥቦ ቢመጣ፣ የቀረውን ግማሽ ያቆሸሸው ውሃው ነው ብሎ ባልዲውን እንደማሰር ያለ ፍርድ ነው።

3ኛ. ስለዚህ ባለቤቴ የታሰረው በሠራው ግማሽ ሳይሆን ባልነካው ግማሽ ነው። እርስዎ ይህን መረዳት እንዳይከብድዎት ብዬ ቀስ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ካስፈለገም ደግመው ያንብቡት።

4ኛ. ከኮምቦልቻ ዘይኑልአቢዲን የሚባል ባለሙያ አስመጥተው ነበር። ሰውየው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ነገሩ ገባው፤ ኮፈኑን ቢያጸዳ በሩ የተቧጨረ ይመስላል፣ በሩን ቢያጸዳ ጣሪያው፣ የትም ቢጀምር መጨረሻው የእርስዎ እስር ቤት ነው። ጨርቄን ረስቼ መጣሁ ብሎ ወጣ። ጨርቁን የረሳው ኮምቦልቻ መስሎን ነበር፤ ከኮምቦልቻም ወዲያ ደጋንን ሲያልፍ ያየው ሰው እንደነገረኝ ግን አሁንም ወደ ኋላው ሳይዞር እየሄደ ነው።

5ኛ. በዓሉ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ እርስዎም ግማሿ ሙሽራ ግማሿ ቆማጣ በሆነች መኪና ሊቀበሏቸው ነው። ምክር ለመለገስ ብደፍር፣ እንግዶቹን በደመና ቀን ብቻ ያስጠሯቸው። ይህ ካልሆነም ዋናዋ ጉድ አውጪ ፀሐይ ናትና እሷንም በኢኮኖሚ አሻጥር ወንጅለው ከባለቤቴ ጎን ይሰሯት። የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ለእሷ የሚሆን መዝገብ አያጣም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው፤ ጀማሉዲንን ዛሬ ቢለቁት ነገ ማለዳ ጨርቁን አንስቶ ይጀምራል፤ በበዓሉ ዕለትም እንግዶችዎ የእርስዎን ፊት በሁሉም አቅጣጫ ለማየት ይገደዳሉ።

በስብሰባ እንዳስተማሩን ግራ እጄን ጨብጬ ከፍ በማድረግ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አስተዋይነትዎና ስለ ሌሎችም የሌሉዎት ነገሮች ሁሉ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ ባሉበት ሁሉ ለመኖር የተፈረደብኝ

ሁስኒያ በሺር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን የጻፍኩት ጠዋት ነበር። ቀትር ላይ ስንቁን ይዤ ስሄድ ጠባቂው ምን እንደነካው እንጃ፣ በሩ ላይ አገናኘን። ጀማሉዲን ሳህኑን በግራ እጁ ተቀበለኝ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጀማሉዲን ምግብ በግራው ሲቀበል አይቼ አላውቅም። ቀኙን በጋቢው ሸፍኖት ነበር፤ ገልጬ አየሁት። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ አይታጠፉም፣ አይዘረጉም። እሱ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይለኛል፤ እኔ ግን ጋቢውን መልሼ አልብሼው ይህን ልጨምር ተመለስኩ።

ስለዚህ ከላይ የገባሁልዎትን ቃል አንስቻለሁ። የመኪናዎን ኮፈን የሚጨርሰውን እጅ ሰዎችዎ ሰብረውታል። በዚህ ከተማ ይህን ሥራ አጥርቶ የሚያውቅ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ያን ዕለት ምሳ ላቀብል የመጣሁ መስሎዎት ይሆናል፤ ፊትዎን ያዩበትን ሰም ያለበስኩት ግን እኔ ነበርኩ። ጨርቁም ፖሊሹም ቤቴ አለ።

እሠራልዎታለሁ። በመጀመሪያ ግን ጀማሉዲንን በዚያችው መኪና ከጎንዎ አስቀምጠው፣ ራስዎ እያሽከረከሩ፣ በጠራራ ፀሐይ በገበያው መሐል አሳልፈው ሆስፒታል ያድርሱልኝ። እጁ ሲታሰርለት በዓይኔ ካየሁ ጨርቁን አነሳለሁ። ይህ ደብዳቤ ካስቆጣዎት ደግሞ እኔንም ይሰሩኝ፤ ስንቅ የምቋጥርለት ሰው እንደሆነ እዚያው ውስጥ ነው።