መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ቴዎ ዛሬ ሥራ አልወጣም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ትናንት ያመመው መስሎኝ ነበር። ግንባሩን ስነካው እጄን ገፋ አደረገና "ደህና ነኝ እማ፣ ቆመን ነው" አለኝ። ቆመን? እነማን? ሁሉም። ሚኒባሱም ውይይቱም። ከላፍቶ እስከ ሜክሲኮ የሚንቀሳቀስ ታክሲ የለም። ቅጣት በዛብን፣ በየመንገዱ መንጃ ፈቃድ እየተነጠቅን ነው፣ መልስ ካልተሰጠን አንነዳም ብለዋል። መቼ ተስማምተው ያውቃሉ እነዚህ? እኔ የማውቃቸው ለተራ ሲደባደቡ ነው።

ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"ብነግርሽም በእግርሽ ነበር የምትሄጂው። ይኸው ሳልነግርሽም ሄድሽ።"

ምን ይባላል... እውነቱን ነው።

ዛሬም በእግር። መካኒሳ፣ ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ቀብር የሚሄድ ይመስላል፣ የሚያለቅስ ግን የለም። ሴቶቹ የቢሮ ጫማቸውን በፌስታል ይዘዋል። እግራቸው ላይ ሸራ ጫማ፣ የልጃቸው ይሁን የባላቸው እንጃ። እኔ የቴዎን ነው ያደረግሁት፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሼ።

ስደርስ የሰዓት ፊርማው ላይ ቀይ ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች ፈረምኩ። ከኔ በታች ደግሞ ግማሹ መሥሪያ ቤት ፈረመ። ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ "ሰኔ ነው፣ በጀት ሊዘጋ ነው፣ ታክሲ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም" ይላል። ያቆመው ልጄ እንደሆነ አልነገርኩትም። መዝገብ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እግሬን አሮጌ ፋይሎች ላይ ሰቀልኩ። ትንሽ ቆይቼ ሥራ ጀመርኩ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

የጎዳኝ ቴዎ የሚነዳት መኪና እኛ ግቢ መቆሟ ነው። የባለንብረቱ የተካ በር ስለሚጠብ ድሮም የምታድረው እኛ ጋ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። አሁን መንደርተኛው ሁሉ ጠዋት በእግሩ ሲያልፍ በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል። ሰማያዊና ነጭ፣ ተወልውላ። ቴዎ ሥራ ስለሌለው በየቀኑ ያጥባታል። ባያጥባት ምን ነበረበት?

ሣራ መካኒሳ ሳልደርስ ደረሰችብኝ። ሳር ቤት አጠገብ ትምህርት ቤት በጽዳት ነው የምትሠራው። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ውይይት ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ነበር የምንሄደው።

"እትዬ ዘነቡ፣ ሰው መኪና ግቢው አቁሞ በእግሩ ይሄዳል?"

"መኪናዋ የተካ ናት።"

"ልጁስ የማን ነው?"

"ከፈለግሽ ያንቺ ይሁን። ውሰጂው።"

"ምን ላደርገው? የቆመ ሹፌር።"

ሳቅን። ሁለታችንም ለመሳቅ ቆም ማለት ነበረብን፤ እየተራመድን አንችለውም። ከፊታችን የሚሄድ ሰውዬ፣ ኮትና ክራቫት ያደረገ፣ ዞር ብሎ "ጠግበው ነው እናንተ፣ ሹፌር ጠግቦ ነው" አለ። ማንን እንደሚያዋራ አያውቅም። ሣራ እኔን አየችኝ። እሷ ነች የመለሰችለት። "ጌታ ልብ ይስጣቸው" አለች። ጴንጤ ስለሆነች መራገም አይፈቀድላትም፣ ሲብስባት ከዚህ አታልፍም። ልብ ይስጣቸው ያለችው ግን ለሹፌሮቹ ይሁን ለሰውዬው አልገባኝም።

ከሳር ቤት አንድ አይሱዙ አዝኖ ጫነኝ። ሲሚንቶ የሚያመላልስ ነው። ቢሮ ስገባ ፖስተኛው አመድ ላይ የተኛሽ መስለሻል አለኝ።

ስመለስ ዝናብ። ጭቃ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ተካ መጣ። ከልኳንዳ ቤቱ በቀጥታ፣ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ባለቤቴን በሕይወቱ ሳለ ጋሼ ይለው ነበር፣ እኔን እስከ ዛሬ እትዬ ነው የሚለኝ። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ። ያኔ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

"እትዬ፣ እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ግን መኪና የገዛሁት ታጥባ እንድትቆም አይደለም።"

ቴዎ ባልዲውን እንደያዘ ቆሟል። "ጋሼ፣ ሁሉም ሲወጣ እወጣለሁ" አለው።

"ሁሉም የኔን መኪና አይነዳም።"

"ብቻዬን ወጥቼ መስታወቱን ቢያወርዱትስ?"

"መስታወት ይገዛል። ሰኞ ጠዋት ካልወጣህ ቁልፌን ታመጣለህ። የሚነዳ ያጣሁ እንዳይመስልህ፣ ልኳንዳ ቤቴ በር ላይ ነው የሚውሉት።"

ሲወጣ ለኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ "ይቅርታ እትዬ" አለ።

ይህችን መኪና ካጣ ማን ይሰጠዋል? ረዳት ሆኖ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያደገው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ባለንብረት ሁሉ ልጅ ነህ ብሎ መለሰው። ያመነው ተካ ብቻ ነው። አሁን ተመልሶ ሊንጠለጠል ነው? ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የኔ ደመወዝ ለኔ መንገድና ለዘይት ነው፤ ቤቱን የያዘው እሱ ነው።

"አንቺ ውጣ ነው የምትዪው?" አለኝ።

አላውቅም አልኩት። አላውቅም ነበር።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ዛሬም ቀይ። ኃላፊው መናገሩን ትቷል፣ ያየኛል ብቻ። የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሯል። የሣራ ቁርጭምጭሚት አብጦ ወደ ማታ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ነው የሄደችው። ጭቃው ይሻላል፣ ቀዝቃዛ ነው አለች።

ቤት አልገባሁም። ጋሽ ቀጄላ ዘንድ ሄድኩ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፣ በዚህ ሰፈር እርሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። ተካ እንዲታገሠን ለምኑልኝ አልኩ። አድማው እስኪያልቅ ብቻ፣ ሌላ ምንም።

"እሺ ልጄ። ከቃላችን አትወጪም?"

"እናንተ ካላችሁት አልወጣም።"

"ልጅሽስ?"

"እሱም አይወጣም።"

ይህን የማይል አለ? ሽማግሌ የላከ ሁሉ ይለዋል። ሳይሉ ሽማግሌ አይነሳም።

ለቴዎ አልነገርኩትም። ተሳክቶ ቢሰማ ይሻላል ብዬ...

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቀጄላ በጠዋት መጡ። ደስ ብሏቸዋል። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሳይቀመጡ ነገሩኝ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ትናንት ማታውኑ ሄደዋል። ተካ ተነስቶ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀብሏቸዋል። ቂም የለኝም ብሏል። ሌላ ሹፌር አልቀጥርም ብሏል። ነገ ቴዎ ቁልፉን ይዞ ተካ ቤት ይሄዳል። ተካ ይቀበለውና በሽማግሌ ፊት መልሶ በእጁ ይሰጠዋል። እርቅ ወረደ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ይወጣል።

"ማን ይወጣል?"

"ቴዎ ነዋ። መኪናዋን ይዞ።"

"እኔ እኮ እንዲታገሠን ነው..."

"ጠየቅነው። እሱ ልጁን ላያባርር ቃል ሰጠ፣ እኛ ደግሞ ልጁ እንዲወጣ ቃል ሰጠን። አንዱ ወገን ብቻ ሰጥቶ እርቅ ይሆናል? ከቃላችሁ አልወጣም ብለሽኛል። ልጄም አይወጣም ብለሽኛል።"

ብያለሁ።

ለቴዎ ነገርኩት። ጎማው ሥር ተቀምጦ ነበር። ቡሎን ይፈታ ነበር፣ ተወው።

"ማንን ጠይቀሽ?"

አጠገቡ የነበረውን ባልዲ አነሳሁ።

"በኔ አፍ ነው ቃል የገባሽው እማ።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። ቡሎኑን መልሶ አጠበቀው።

ከሰዓት ከድር መጣ። ከረዳትነት ጀምሮ አብረው ናቸው፣ አንድ ተራ ላይ ነው የሚጭኑት። ቤታችን ስንት ጊዜ አድሯል። ዛሬ በር ላይ "ልግባ?" ብሎ ጠየቀ። ወሬው ደርሶታል። እናቱ ሽማግሌ ልካ ልታስወጣው ነው እየተባለ ነው ተራው ላይ።

"ቢወጣ ድንጋይ ይወረውሩበታል?" አልኩት።

"የሚወረውር አይጠፋም እትዬ። እኔ አልወረውርም።"

"አንተማ ወንድሙ ነህ።"

"አልወረውርም። ሰላምም አልለውም።"

ይህን ሲል ቴዎን ነው የሚያየው። ቴዎ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ከድር ውሃ ጠየቀኝ፣ ጠጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ። እኔ ላይ እንኳ አልተቆጣም።

ባለቤቴ የሞተ ቀን የነቴዎ ተራ በሙሉ ሥራ አቁሞ ነበር የቀበረልኝ። የዚያን ቀንም ሰው በእግሩ ሄዶ ይሆናል። አላሰብኩትም ነበር።

ራት አቀረብኩ፣ አልነካም። ቆይቶ "እነዳለሁ" አለ። "ሽማግሌ አላዋርድብሽም። ቁልፉን ግን አንቺ ውሰጂለት። እኔ እዚያ ቤት ቆሜ አልመረቅም።"

ከፋኝ? እውነቱን ልጻፍ እንጂ... እፎይ ነው ያልኩት።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ጰራቅሊጦስ ነው። ነገ ጾም ስለሚገባ የተካ ልኳንዳ ቤት ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። በጓሮ በር ገባሁ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ቀድመውኛል። ጥብስ ቀርቧል። "ቴዎስ?" አለ ተካ። ራሱን አሞት ተኝቷል አልኩ። ማንም አላመነኝም፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም። ቁልፉን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ተካ ደስ ብሎታል፣ የውሸት አይደለም። ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ወደኔ ይገፋል። ብዪ እንጂ እትዬ፣ ነገማ ሽሮ ነው ይላል። ከዚያ ማውራት ጀመረ።

"ነገ ከሁሉ ቀድሞ ይውጣ። ገና ሲነጋ ተራው ላይ ይቁም። ለባለንብረቶቹ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ የሱን መውጣት ነው የሚጠብቁት።"

"የሱን ለምን?"

"ቴዎ ወጣ ሲባል እያንዳንዱ ሹፌሩን ጠርቶ 'ይኸው ጓደኛህ ወጥቷል፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ' ይለዋል። እስከ ማታ ያልቃል ነገሩ።"

"በሱ?"

"በሱ ነዋ። የተወደደ ልጅ ነው እትዬ። ሌላው ቢወጣ ማን ይከተለዋል?"

ይህን ሲል እያሞገሰልኝ ነው። ጋሽ ቀጄላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕዝቡ ከእንግልት ይገላገላል፣ ጽድቅ ነው አሉ። ተሳስተዋል? አልተሳሳቱም። ሣራ ነገ በዚያ እግሯ ልትሄድ ነው። እኔ ራሴ አንድ ተጨማሪ ቀይ መስመር ቢሰመርብኝ ማስጠንቀቂያ ይጻፍልኛል። ነገ ታክሲ ቢኖር ማን ይጠላል?

ያነሳሁትን ሥጋ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ቴዎን በሐሳቤ አየሁት፣ ተራው ላይ ብቻውን ቆሞ። ሰው እየተጋፋ ይሳፈርለታል፣ እግዜር ይስጥህ ይለዋል። ከዚያ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ይመጣሉ፣ ከኋላው ይሰለፋሉ። አንዳቸውም አያዩትም። ነገ ብቻ ነው? ከነገ ወዲያስ? ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ተራ ላይ ነው የሚውለው።

ተካ እጁን በሽርጡ ጠረገና ቁልፉን አነሳ።

"ለራሱ ነበር የምሰጠው። ከሌለ ለእናቱ።"

ሽማግሌዎቹ ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። ጋሽ ቀጄላ ለምርቃት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን መቀበል፣ አሜን ማለት... የቀረው ያ ብቻ ነበር።

"እትዬ?" አለ ተካ።

"እዚያው ይቀመጥ።"

"ምኑ?"

"ቁልፉ። ያንተ ነው። መኪናዋንም መጥተህ ውሰዳት፣ በሩን እከፍትልሃለሁ።"

ተካ ሽማግሌዎቹን ያያል።

"ልጄ፣ ቃል ሰጥተሽ አልነበረም?" አሉ ጋሽ ቀጄላ።

"ሰጥቻለሁ ጋሼ። የሰጠሁት ግን የኔ አልነበረም።"

ወር ሲመጣ ዕድር ላይ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ቴዎስ ምን ይለኛል? አሁንም ሳልጠይቀው ነው ያደረግሁት። እነዳለሁ ብሎኛል እኮ። ይቆጣ ይሆናል። መጥቶ ልቀበል ቢልስ? ይምጣ፣ ራሱ ይቀበል። በኔ እጅ ግን አይሆንም።

ነጠላዬን አጣፋሁ። "ተቀመጪ፣ ሳትመረቂ?" አለኝ ተካ፣ በልመና ዓይነት። አልተቀመጥኩም። በጓሮው በር ስወጣ የጋሽ ቀጄላ እጅ ገና እንደተዘረጋ ነበር።