አርባ አንደኛው ጆግ

ጥር 6፣ ሰኞ

ዛሬም እጅጌዬ እስከ ክርኔ ርሶ ዋለ። ከወርክሾፑ ቧንቧ ሥር ቆሜ አርባኛውን ጆግ ሞላሁ፣ ቀዳሁ፣ ሞላሁ፣ ቀዳሁ። ያው ነው። በፍጥነት ሲቀዱት ጨዋ ነው። ቀስ ሲሉ ግን ውሃው ከከንፈሩ መለየት አይፈልግም... ዞሮ በአንገቱ ቁልቁል ይወርድና ጠረጴዛው ላይ ኩሬ ይሠራል።

ሰባት ወር ሙሉ ይህን ብቻ ሳይ ኖርኩ። ውሃ የት ላይ ይይዛል፣ የት ላይ ይለቅቃል? ጠርዙ ክብ ከሆነ ተንሸራቶ ይዞራል። ስል ከሆነ የሚይዘው ያጣና ይወድቃል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ሰባት ወር።

ፎርማ ሠሪያችን ጋሼ ጀሶ የጆጉን ፎርማ እንደገና ሊሠራልኝ ተስማማ። (ጀሶ ከቅንድቡ ጠፍቶ አያውቅም፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል።) "ከሥሩ ትንሽ ልቁረጠው፣ እንደ ጥፍር ይሁን" አለኝ። እንደ ጥፍር... እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ጥር 16፣ ሐሙስ

አርባ አንደኛው ከምድጃ ወጣ። አንድ ጠብታ የለም። ቀስ ብዬ ቀዳሁ፣ እያቆምኩ ቀዳሁ፣ እጄን ሆን ብዬ እያንቀጠቀጥኩ ቀዳሁ... የለም። ጋሼ ጀሶ በጣቱ የጆጉን ሆድ ዳበሰ። ደረቅ።

"በቃ፣ ውሃው ገባው" አለ።

ጥር 17፣ ዓርብ

ጆጉን ቤት ይዤው መጣሁ። ለዚህ ነበር እኮ። መሥሪያ ቤት ለማን እንደሠራሁት ለማንም አልተናገርኩም። የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ሰዓት ሲጠግን የኖረ እጅ። መጀመሪያ ሸሚዙ ላይ ደፋ፣ ቀጥሎ ሱሪው ላይ። ከዚያ ሰው ባለበት ውሃ መጠጣት ተወ። "አልጠማኝም" ይላል። ከንፈሩ ደርቆ፣ "አልጠማኝም"።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ዞር አልኩ። እንደማየው ካወቀ አይነካውም። ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ሲቀዳ... ሲጠጣ... ሲደግም። ስዞር ጠረጴዛው ደረቅ ነው።

"ማን ሠራት?"

"እኔ።"

"ደህና ናት" አለ። ሰዓት ጠጋኝ ከዚህ በላይ አያመሰግንም። ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ንድድ ብሎኛል። ባለራዕዩ የጆጉን ሥዕል አይቶ "ከንፈሩ ቢላ ይመስላል" አለኝ። (የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ነው። ባለራዕይ ብለን ያወጣንለት እኛ ነን ለሹፈት፤ እሱ ሙገሳ መስሎት ወደደው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል?)

"ማዕበል ነው የምፈልገው። ተጠቅልሎ የሚመለስ ማዕበል። ክብ፣ ለስላሳ።"

"ክብ ከሆነ በአንገቱ ይወርዳል እኮ። ስንቴ ሞክሬዋለሁ።"

"አንቺ ስለ ጠብታ ታስቢያለሽ። እኔ የማስበው ስለ ውሃ ነው።"

ስለ ውሃ ያስባል። ዝናብ ካካፋ ከመኪናው የማይወርድ ሰው።

በሚቀጥለው ወር "ከውሃ የተወለደ" የሚባል ኤግዚቢሽን አለ። ሥዕልም፣ ፊልምም፣ የቤት ዕቃም ይቀርብበታል። ለእኛ ጆግ ፊልም ሊሠራለት ነው። ጽሑፉን ሰጡኝና አነበብኩት። "አንድ ማለዳ ባሕሩ ዳር ቆሜ ሳለሁ ማዕበሉ ይህን ቅርጽ በጆሮዬ ነገረኝ።" ማዕበሉ ነገረው። እኔ ሰባት ወር ከቧንቧ ሥር ቆሜ፣ ማዕበሉ ለእሱ ነገረው። ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው?

ጋሼ ጀሶ ወረቀቱን አንብቦ "ይሄ የእኛ ቧንቧ ምነው ምላስ አጣ" አለ። ሳቅኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ቀረጻ። ወርክሾፑን በመብራት ሞሉት፣ እንደ ምድጃ ጋለ። ባለራዕዩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክብ ከንፈር የተሠራለትን ጆግ አንስቶ ቀዳ። ቀስ ብሎ። እኔ እጄን አጣምሬ ኩሬውን ጠበቅኩ።

አልመጣም። ውሃው እንደ ሪባን አንድ ወጥ ሆኖ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። ስድስት ጊዜ ቀረጹት። ስድስቱንም ጊዜ አንገቱ ላይ ጠብታ የለም።

"አየሽ?" አለኝ ሰው ፊት። "ውሃን ማመን ነው።"

ሳቁ። ፋብሪካው በክቡ እንዲያመርት እዚያው ተወሰነ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሰባት ወር ሙሉ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው? በዓይኔ አየሁት እኮ...

የካቲት 7፣ ሐሙስ

አርባ አንደኛውን መልሺ አሉኝ። "ናሙና የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው።" ከአባዬ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ወሰድኩት። ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ ማንም ላይጠጣበት። በምትኩ የፊልሙን ጆግ ሰጡኝ። ቤት ሞከርኩት፣ እውነትም አይንጠባጠብም። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለአባዬ አስቀመጥኩለት።

የካቲት 10፣ እሑድ

ምን አድርጌ ነው? ምን አድርጌ...

ትናንት ዕቃ ሳጥብ ያንን ጆግም በሳሙና ፈተግኩት። ዛሬ መምህሩ መጣ፤ ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን፣ የአባዬ የዳማ ጓደኛ። አባዬ ራሱ "ውሃ ልቅዳልህ" አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ቀድቶ አያውቅም። እኔ በር ላይ ቆሜ ደስ ብሎኝ አያለሁ። ውሃው በአንገቱ ዞሮ፣ በሆዱ ወርዶ፣ ዳማው ላይ፣ ከዚያ የአባዬ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። መምህሩ ምንም እንዳላየ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ፎጣ ይዤ ስደርስ አባዬ ጆጉን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

"እጄ ነው" አለኝ።

እጁ አይደለም። እጁ አልነበረም። ግን ሱሪው ርሶ እንዴት ብዬ ላስረዳው? ራት ላይ ውሃ አቀረብኩለት። አልጠማኝም አለ።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ለቀረጻው ዕቃ ያሰናዳው ሰውዬ ዘንድ ደወልኩ።

"የዚያን ጆግ ከንፈር ምን አድርገኸው ነበር?"

"ቫዝሊን ነዋ።"

"ቫዝሊን?"

"በስሱ ነው የምቀባው። ቅባት ያለበት ላይ ውሃ አይዝም። ውሃ ሲቀዳ ስንቀርጽ ሁሌም እንቀባለን፣ አለዚያ ይንጠባጠብብናል። ምነው፣ አላወቃችሁም ነበር? የጠየቀኝም የለም።"

እሱ ላይ መናደድ አቃተኝ። ሥራውን ነው የሠራው። እኛስ? አንድ ሙሉ የዲዛይን ክፍል ዓይናችንን አፍጥጠን የፋብሪካ ፎርማ በቫዝሊን ወሰንን። ውሃ ውሃ እያልን ስንደሰኩር፣ አንዳችን እንኳን ጣታችንን ከንፈሩ ላይ አላሳረፍንም። እኔም ጭምር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሄጄ ለባለራዕዩ ነገርኩት። ቀና እንኳን አላለም።

"ፊልሙ ላይ አይታይም" አለ።

"ሰው ቤት ይታያል እኮ።"

"እስከ ኤግዚቢሽኑ ማንም ምንም አይነካም። ሰውየው መጥቶ ሁሉንም ይቀባቸዋል። ከዚያ በኋላ እናያለን።"

ይቀባቸዋል። ሰው ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባውስ ማን ይቀባለታል? አባዬንስ?

የካቲት 15፣ ዓርብ

አባዬ ዛሬም ከመምህሩ ጋር ዳማ አልተጫወተም። አሞኛል ብሎ መለሰው።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሁሉም ቀድሜ አዳራሹ ገባሁ። አሥራ ሁለት ጆጎች፣ ትናንት ተቀብተው ተደርድረዋል። ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ ሙቅ ውሃ። አንድ በአንድ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ዕቃ ማጠብ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?

እንግዳ እስኪገባ ሥዕሎቹን አየሁ። ግድግዳው ሁሉ ባሕር፣ ፏፏቴ፣ ሰማያዊ በሰማያዊ። አንዲት ሠዓሊ ብቻ የቧንቧ ጠብታ ሥላለች፣ ልትወድቅ ስትል። ይቺ ሴት ቆማ አይታለች አልኩ። ትንሽ ልቤ መለስ አለ።

ፊልሙ ታየ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ባለራዕዩ ጆግ አንስቶ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጡት እንግዳ ሊቀዳ ጎንበስ አለ። የሆስፒታሎች የዕቃ ግዢ ኃላፊ ናቸው፣ ጠና ያሉ ሴት። እንደ ፊልሙ ቀስ ብሎ ቀዳ። ውሃው በአንገቱ ዞሮ እጅጌው ውስጥ ገባ። የተረፈው የሴትዮዋ ወረቀት ላይ። ሌላ ጆግ አነሳ፣ ያው። ሦስተኛም አነሳ። ምነው ባይነካው እስክል ድረስ።

ሴትዮዋ ወረቀታቸውን እያራገፉ "የኔ ሕመምተኞች አልጋ ላይ ናቸው። ማዕበል አይችሉም" አሉ።

ጋሼ ጀሶ ከኋላ ተነሳ። ከጃኬቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አርባ አንደኛው። ንብረት ክፍሉን ምን ብሎ እንዳስከፈተ አልጠየቅኩም። ሴትዮዋ ፊት አስቀመጠና፣ "ይቺን ይሞክሯት። የሠራቻት ያቻት" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ራሳቸው ቀዱ። ቀስ ብለው፣ እያቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ሆን ብለው አንቀጠቀጡ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው። ጣታቸውን በጆጉ ሆድ ላይ አሳለፉ።

"ይሄኛውን ነው የምንፈልገው" አሉ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ባለራዕዩ አስጠራኝ።

"ማን አጠባቸው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ቅባት ነበረባቸው።"

ያባርረኛል ብዬ ነበር። የሆስፒታሎቹ ትእዛዝ አዳነኝ። አርባ አንደኛው ሊመረት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አዲሱን የፊልም ጽሑፍ አሳየኝ። "ማዕበሉ ሲሰበር ጠርዙ ስለት እንዳለው አስተዋልኩ።" አስተዋለ። ትናንት ቢላ ይመስላል ያለውን ከንፈር ዛሬ ከባሕር አመጣው። የቧንቧው ውሃስ? ጋሼ ጀሶስ? እኔስ? "ስሜ የት አለ?" አልኩት። ፊልሙ አጭር ነው አለኝ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ጋሼ ጀሶ ከፋብሪካ የመጣውን የአርባ አንደኛውን የመጀመሪያ ካርቶን ራሱ ከፍቶ አንዱን ሰጥቶኝ ነበር። ስለ ቫዝሊኑ ለአባዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ይላል እንጂ ያመነኝ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ መምህሩ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣ፣ ዳማ ዘረጉ። ጆጉን በብርጭቆ አጅቤ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ሁለቱም አልነኩትም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ፊልም መጣ። ባለራዕዩ ባሕር ዳር ቆሞ፣ ነፋስ ሸሚዙን እያርገበገበው፣ ማዕበል ያስተማረውን ይተርካል። ደሜ ፈላ። ላጠፋው ስነሳ አባዬ "ቆይ" አለኝ። እስኪያልቅ አየው።

"ማነው ይሄ?"

"አለቃዬ።"

"እጁ ይንቀጠቀጣል?"

"አይ።"

"ታዲያ ስለ ጆግ ምን ያውቃል?"

መምህሩ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፣ አሁን ስጽፈውም ያንገበግበኛል። ነገ ቢሮው ሄጄ ስሜን እጠይቃለሁ። እምቢ ካለኝ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ።

አባዬ ጣቱን የጆጉ ከንፈር ላይ አሳለፈ። ጣቱን በጣቱ አሻሸው፣ ቅባት እንዳለው እንደሚያይ። ፎጣ ላነጥፍለት አልኩና ተውኩት።

"ጠማኝ" አለ መምህሩን እያየ። መጀመሪያ ለእንግዳው ቀዳ፣ ቀጥሎ ለራሱ።