ሆዴ ባዶ ነበር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ጥሩሸዋ መኳንንት፣ ሞላሌ።

እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት በዚህ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እማማስ ዓይናቸው ተሻላቸው? አባባስ ቅዳሴውን ቆመው መጨረስ ችለዋል? የበልጉን ገብስ ውርጭ አልመታውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ ውሸት ይሆንብኛል።

መደወል አቅቶኝ አይደለም የምጽፈው። ባለፈው ስትደውዪ «ልጁን የት ልታደርሺው ነው?» አልሽኝና አፌን ሳልከፍት ስልኩን ዘጋሽው። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋብኝም ብዬ ነው፣ በበግ ነጋዴው በገብረየሱስ እጅ የላኩልሽ።

የጎረቤታችንን ልጅ ጌታነሽን አልወቅሳትም። በየካቲት የእግር ኳስ ቡድናችን ካምፕ ልትጠይቀኝ መጥታ አብራኝ የምትተኛዋ ልጅ «ወሰን እኮ የወር አበባ ካየች ስምንት ወሯ ነው» ስትል ሰማች። የሰማችውን ወስዳ «አርግዛለች» ብላ ገበያ ላይ አወራች። አንቺ ግን አዝለሽ ያሳደግሽኝ እህቴ ነሽ። አንቺ እንዴት አመንሽ?

ካምፕ ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ ነበረብን። ጧት ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባዶ ሆዳችንን እንሮጥ ነበር፤ ከዚያ ሻይ በዳቦ። ምሳ ሽሮ፣ እራትም ሽሮ። የወንዶቹ ቡድን በዚያው አዳራሽ ከእኛ ቀድሞ ሥጋና እንቁላል ይበላል። ከእነሱ የተረፈ ለእናንተ ይመጣል ተብለን ነበር፤ ሲተርፍ ግን አላየሁም። አሰልጣኙ ዓርብ ዓርብ በሁሉም ፊት ሚዛን ላይ ያወጣን ነበር። ግማሽ ኪሎ የጨመረችውን «ይቺስ ለፋሲካ ደርሳለች» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። አንድ ቀን በእኔ ተሳቀ። ከዚያ ወዲህ እራት ተውኩ። እማማ የላኩልኝን በሶ ከአልጋዬ ሥር አግኝቶ «ይኼ ነው የሚያከብድሽ» ብሎ ለጥበቃው ሰጠው፤ እኔም ሞኟ አመሰገንኩት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ እናንተን ላለማሳፈር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ሮጥኩ።

የወር አበባዬ የቀረው አምና ሰኔ ነው። ለአሰልጣኙ ረዳት ብነግራት «ጠንክረሽ መሥራትሽን ያሳያል፤ ተገላገልሽ» አለችኝ። አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ።

ከጥር ጀምሮ የግራ እግሬ አገዳ ያመኝ ነበር። ስንፍና ነው ተባልኩና ማስታገሻ እየዋጥኩ ተጫወትኩ። መጋቢት ላይ በጨዋታ መሃል ኳስ ይዤ ስዞር፣ ማንም ሳይነካኝ፣ አጥንቴ ተሰነጠቀ። ዳኛው አስመሳይ መስዬው ተነሺ አለኝ።

ያከመችኝ ሴት ሐኪም መጀመሪያ እርግዝና መረመረች፤ ምንም የለም። ቀጥላ ከጧት እስከ ማታ የምበላውን አስቆጠረችኝ። ሳልጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ቁጭ ብላ ለምትውል ሴትም አይበቃም። ለሩጫው የሚያስፈልግሽን ሰውነትሽ ከየት ያምጣው? መጀመሪያ የወር አበባሽን አቋረጠ፤ ቀጥሎ ከአጥንትሽ ወሰደ» አለችኝ። ከልምምድ በፊት ገንፎም ሆነ በሶ፣ ከልምምድ በኋላ ሳይውል ሳያድር እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር እንድበላ አዘዘችኝ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው፤ «የታመመ ሰው ይበላል፣ ብዪ ልጄ» ብለውኛል። ይህን ለአባባ ንገሪልኝ።

ክለቡ ጀሶው ሳይፈታ አሰናበተኝ። አሰልጣኙ ምርኩዜን እያየ «አጥንትሽ ደካማ ነው፤ የዘር ይሆናል» አለኝ። የዘር! አባባ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው የጓሳ ተራራ ለአጨዳ ሲከፈት ሣር ተሸክመው ያንን ዳገት ሲወጡ አጥንታቸው መቼ ደከመ?

አሁን አንዲት የድሮ ጓደኛዬ ቤት ተጠግቻለሁ። ጀሶው ተፈቷል፤ እያነከስኩ እሄዳለሁ። እየበላሁም ነው። ሰው ፊት ስጎርስ ግን እስካሁን የሚስቅብኝ ያለ ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት የወር አበባዬ መጣ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ። መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኬን አነሳሁ፤ ስምሽ ላይ ደረስኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅ ሆኜ መጀመሪያ የመጣብኝ ቀን ሞትኩ ብዬ ስጮኽ ነጠላሽን ቀደሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነበርሽ።

ለክረምት ነይ እንዳትሉኝ። ገበያ መሃል ሆዴን የሚመዝን ዓይን አሁን አልችልም።

የእማማን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ራስሽ አንብቢላቸው፤ የወር አበባ የሚለው ጋ ስትደርሺ እንዳትዘልዪው። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ስሜን መጥራት እንደተዉ ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለጋሽ ትዕዛዙ ሰላም በይልኝ፤ እሳቸው ብቻ «መጀመሪያ ልጅቷን እንጠይቃት» ማለታቸውን ሰምቼ አልቅሻለሁ። ልጅሽ ሳሌም ትምህርት ቤት ኳስ ጀመረች አሉ። በእኔ የደረሰውን አይተሽ አትከልክያት፤ ሳትበላ ግን አትልቀቂያት።

አንቺን እንደ ድሮው አቅፌ እስምሻለሁ ብዬ ልጽፍ አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። ትንሽ ጠብቂኝ።

ታናሽ እህትሽ ወሰንየለሽ መኳንንት
አዲስ አበባ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.