ያልደረሰኝ መርዶ

«የሰፈራችንን ሰላም ለመጠበቅ ሲባል ፓክ ፕራስቶዎ ከዛሬ ጀምሮ ከግሩፑ ተሰናብተዋል። ስለሚያሳዩት መረዳት ከወዲሁ እናመሰግናለን።»

ለተከበሩ የሰፈራችን ሊቀመንበር ፓክ ጉናርጆ፤

ከላይ የሰፈረው ቃል በቃል የእርስዎ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልነካሁም። ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ ስልክዎም በቂ ባትሪ ኖሮት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በቅድሚያ ስላደረጉልኝ ሁሉ ላመስግንዎት።

አንደኛ፣ ከጎረቤቴ ከፓክ ሱዋንዶ ጋር በሰፈራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ለሳምንታት የተከራከርነው፣ እሁድ እሁድ ለርግቦች የዜማ ውድድር መንገዱ ለሞተር ሳይክል ይዘጋ ወይስ አይዘጋ በሚል ነበር። እሱ ይዘጋ ይላል፣ እኔ አይዘጋ። አንድም ስድብ አልተጻፈም፤ እንዲያውም «የተከበሩ ወንድሜ በትክክል እንዳመለከቱት» ሳንል የጀመርነው መልእክት የለም። ጥፋታችን ይኸው መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ። በእኛ በሶሎ ከተማ ሰዎች ዘንድ ትህትና ያበዛ ሰው የተቆጣ ሰው ነውና፣ እርስዎ ደም ሳይፈስ ልድረስ ብለው አንዳችንን አስወጡ። ሱዋንዶ በየማለዳው የርግቦቹን ቤት እየጠረገ «ማስ ፕራስ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ደግሞ በየትኛው ትህትና ልትገድለኝ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አንዳችንን ጠርቶ መጠየቅ ግን ለአንድ ሊቀመንበር ከባድ ሥራ መሆኑን እረዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ባሰናበቱኝ ማግስት ለሥራ ወደ ሰማራንግ ከተማ ሄድኩ። በዚያው ቀን ጠዋት ሱዋንዶ በድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። መርዶውን በግሩፑ ላይ በፍጥነት በማሰራጨትዎ ሁሉም ሰው ለቀብሩ ደርሷል። ብቻዬን የምኖር በመሆኔ ለእኔ የሚነግረኝ አልነበረም።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። በማግስቱ እሁድ ስመለስ በሱዋንዶ ደጃፍ ድንኳን ተተክሎ፣ መንገዱ በገመድ ተዘግቶ፣ ሰዎች ወንበር ሲደረድሩ አየሁ። የርግቦቹ ውድድር መሰለኝ። ከሞተሬ ሳልወርድ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በቃ አሸነፍክ ሱዋንዶ፣ መንገዱን አዘጋኸው አይደል» አልኩ። ወንበር የሚደረድሩት አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ለጓደኛው፣ «ሞቶም አይለቀውም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ባለቤቱ ቡ ላስትሪ ወደ በሩ ወጡ፤ ዓይናቸው አብጧል። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምንም አይደል ፓክ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ከቀብሩ የቀሩት ሥራ በዝቶብዎት እንደሆነ ገብቶናል።»

ቢሰድቡኝ እንዴት በቀለለኝ። አልሰማሁም ማለት ሰበብ ፍለጋ ይመስልብኝ ነበርና፣ ሞተሬን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ። አሁን በየምሽቱ የሚደረግለት ጸሎት ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። በየትኛው ፊቴ ልግባ? በሃምሳ አራት ዓመቴ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በር እየወጣሁ ነው ሩዝ የምገዛው።

ወደ ግሩፑ መመለስ አልለምንዎትም። የምጠይቀው፣ እኔን ያስወጡኝ ከመርዶው በፊት እንደነበርና መርዶው እንዳልደረሰኝ፣ ያሰናበቱኝን ያህል በግልጽ እንዲጽፉ ብቻ ነው።

ከጥልቅ አክብሮትና ከዚያ ከጠለቀ ሀፍረት ጋር፣
የሰፈሩ ሰላም እንቅፋት የነበርኩት፣
ፕራስቶዎ

እንዳይረሳ፦ የጽሑፍ መልስዎን እስከ መጪው ዓርብ፣ የሰባተኛው ቀን ጸሎት ሳይጀመር እጠብቃለሁ። ለእኔ አይላኩት፤ ቡ ላስትሪ ቤት ሄደው ያንብቡላቸው። ከሁለታችን በዚያ በር ሳያፍሩ መግባት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።