ምላጭ ሳነሣ

የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ከርመሻል? መንገዱ ሩቅ ነውና ሰላምታዬ እያረፈም ቢሆን ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ጸጉር ቤቱም እንደ ድሮው ነው። ብቻ አሁን ምላጭ ሳነሣ «ጌታ ሆይ፣ እጄን አጽናልኝ» እላለሁ። ትናንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አገጩ አረፋ እንደተቀባ ሰማኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ድሮ እንዲህ አትልም ነበር እኮ!» አለ።

«ድሮ በራሴ ጉልበት ነበር የምላጨው» አልኩት።

የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ የማያውቀው ሰው ጮክ ብሎ «አሜን!» አለ። ሳይቧጨር ወጣ፤ ክብሩን ለባለቤቱ ሰጠሁ።

ጽሕፈቱ ማማሩ አይግረምሽ፤ ሚስቴ ናት የምትጽፍልኝ። በጸሎትሽ ቀኝ እጄን አስቢልኝ። የማያንቀላፋው ይጠብቅሽ።

ከታች ያለው ጠማማ ፊርማ ግን የራሴው ነው፤ እሱንም ጸልዬ ነው የፈረምኩት።

ታላቅ ወንድምሽ