በበዓለ ሃምሳ ያየሁት ሥጋ ቤት

ለምወድህ ወንድሜ ለባንተይርጋ፣ ኩዌት

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ምድጃው ፊት ብዙ ስትቆም የሚያብጠው እግርህስ ተሻለህ? እንቅልፍ ትጠግባለህ ወይ? አብሮህ የሚኖረው ሐብታሙስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። የሎጊያ ሙቀት እንደምታውቀው ነው። ሰኔ ከገባ ወዲህ ነፋሱም አያስተነፍስም፤ መብራት ሲጠፋ ልጄ ሜሪ ሲሚንቶው ላይ ውኃ እያፈሰሰች ትተኛበታለች። የእማዬ ጉልበት ያው ነው። ዓይኗ ግን እየደከመ ሄዶ አሁን ሰው የምትለየው በድምፁ ነው።

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ በስልክ ነው የምልክልህ። ያልደወልኩት ድምፅህን ከሰማሁ አንጀቴ ስለማይችል ነው፤ እሺ ና ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው። ወሩ ሳያልቅ፣ ውሌን አላድስም ብለህ ለአለቃህ ሳትናገር አንብበው።

ባለፈው የላክህልኝ አደራ ትዝ ይበልህ። አንተ የምትጠብስበት ትልቁ ሥጋ ቤት በየከተማው ቅርንጫፍ እንዳለው ነግረህኝ፣ በእኛም መንገድ ስም ያወጡትን ሁለቱን፣ ነጭ ሰንጋንና ሦስት ምድጃን፣ ሄደሽ በልተሽ አወዳድሪልኝ አልከኝ። የነጭ ሰንጋ ባለቤት የሰመራውን ቅርንጫፍ ከነስሙ ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ነው ሲባል ሰምተህ ልብህ ተነሥቶ ነበር። እኔም ከምሠራበት ነዳጅ ማደያ ፈቃድ ወስጄ፣ ከባሌ ከበለጠ ጋር በከባድ መኪናው ከአዋሽ እስከ ሰመራ ሄድኩልህ። ስመለስም የሰመራው ረቡዕም ዓርብም ጢም ብሎ ይሞላል፣ ወንበር አጥተን ቆመን ጠበቅን ብዬ ጻፍኩ። አንተም ያን አንብበህ ሻንጣ ገዛህ።

ቆመን መጠበቃችን እውነት ነው። ግን ያኔ በዓለ ሃምሳ ነበር፣ ወንድሜ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ታውቃለህ፤ እሳት ፊት ቆሞ ለሚውል ሰው ግን የእኛ ቀን መቁጠሪያ ከየት ትዝ ይለዋል። ረስቼው ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። አልረሳሁትም። ስጽፍልህ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ስለ ጾሙ ልጨምርበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ እሱ ስለ ጾም መቼ ጠየቀሽ አለችኝ። እኔም ደስ እያለኝ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ጥፋቱን በእሷ አላሳብብም፤ እንድትመጣ የፈለግሁት እኔም ነኝ።

ያላስተኛኝ የጎረቤታችን የኸሊዳ ጥያቄ ነው። ያቺ የፍየል ጥብስ ቤት ያላት ወሎዬ፣ ሁልጊዜ ስላንተ የምትጠይቀኝ። እንደምትመጣ ስነግራት ደስ አላት፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ እኔ ረመዷንን ቆጥሬ ነው ዓመቱን የማስበው፣ ወንድምሽስ የናንተን ጾም ቆጥሯል ወይ አለችኝ። የእኔ አንድ ወር ነው፣ እሱንም ማታ ማታ እሠራለሁ፣ ወላሂ የናንተ ግን ብዙ ነው አለች። ቤት ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩት። ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ አሁን የያዝነው የሰኔ ጾም፣ ፍልሰታው፣ የገና ጾሙ፤ ጣቴም አልበቃኝም።

ከትናንት ወዲያ ረቡዕ፣ ለማንም ሳልናገር ባጃጅ ይዤ ሰመራ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። በዚያ ሁሉ ጠረጴዛ መካከል ሁለት ሰዎች ብቻ ተቀምጠዋል፣ የሚበሉትም ሽሮ ነው። ነጭ ሰንጋ ሽሮ ሲሸጥ አየሁ። ያኔ ከሻኛው ቆርጦ ያቀመሰኝ ዓቢይ የሚባለው ሥጋ ቆራጭ ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ዝንብ ያባርራል። ሁለት ጓደኞቹ ተቀንሰዋል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይገባም፣ በሌላውም ቀን የሚመጣው የመሥሪያ ቤት እንግዳ ሲኖር ነው አለኝ። የማቀዝቀዣው ጄኔሬተር የሚበላውን ነዳጅማ እኔው ነኝ የምቀዳላቸው። ሊረከበው ነው የተባለው ያንቺ ወንድም ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ውኃ አዘዝኩ።

አሁን ያኔ በቅጡ ያልጻፍኩልህን ንጽጽር ልጻፍልህ። የነጭ ሰንጋ የአዋሹ ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፤ በሬው እዚያው ታርዶ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ይቀርባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛም ቁርስም ይሁን ምሳ እዚያ ነው የሚወርደው። እሱን ግን ባለቤቱ ለማንም አይሰጥም። የሦስት ምድጃ የገዋኔው ቅርንጫፍ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ እጅ መታጠቢያው በጀሪካን ነው፤ ሆኖም ሾፌሩ ሥጋውን ራሱ መርጦ እያየ ያስጠብሳል፣ መኪናውም ከፊቱ ቆሞለታል። የሰመራው ከሁሉም ያምራል። መስታወቱ፣ የቆዳ ወንበሩ፣ አንተ ከላክህልን ፎቶ አይተናነስም። ሥጋው ግን ከአዋሽ በበረዶ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ቁርጥ የሚወድ ሰው ደግሞ በረዶ የነካውን አይወድም። ግቢውም ለቤት መኪና ብቻ ነው። በለጠ መኪናዬን ካላየሁ ምግብ አይወርድልኝም ይላል። ግማሽ በስሎ ግማሽ ጥሬ የሚሆነውን ያንተን ጥብስ ስነግረው ደግሞ፣ ወይ ቁርጥ ይበለው ወይ ጥብስ ይበለው፣ ሾፌር ግራ አይጋባ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ፤ እሱም እንድትመጣ ይፈልግ ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ እሳት ፊት የቆምከው እዚህ መጥተህ ባዶ አዳራሽ ልትጠብቅ አይደለም። የሰመራውን አትረከብ። ሌላ ምን ሥራ አለ ብትለኝ የምመልስልህ የለኝም፤ ውልህን አድስ ማለቴ ነው መሰለኝ፣ በአፌ ልለው ግን አልችልም። ዋሽቼ ባመጣህ ኖሮ አንድ ቀን በዚያ በር ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር። ያን ዓይንህን ፈራሁ። ይቅር በለኝ።

ከጅቡቲ ሲመለስ መንገድ ላይ ያለው በለጠ ሰላም ብሎሃል። ሜሪ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትስምሃለች። ኸሊዳ አላህ ይጠብቀው፣ አይክፋው በይልኝ ብላለች። ሐብታሙንም ሰላም በልልኝ፣ በርቱ፣ ተጠባበቁ።

እማዬ አሁንም አጠገቤ ናት። የኋላውን ክፍል ኖራ አስቀብታልሃለች፣ ፍራሹንም ፀሐይ አስመትታለች። ምን ብለሽ ጻፍሽለት ብትለኝ ቶሎ ና ብዬ ነው አልኳት። ወረቀቱን ተቀብላ በመዳፏ ዳሰሰችውና፣ ይኸኛው ደግሞ ረዘም ብሏል፣ ጎበዝ ብላ መለሰችልኝ። ስትደውልላት እንዳታጋልጠኝ።

እህትህ አስረሳች
ሎጊያ፣ ዓርብ ሰኔ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.