የአባባ ድምፅ ያለበት ማጫወቻ

ጥቅምት 14

«ወንድሜ ከፈለኝ የአባታችንን ኑዛዜ ግማሹን አውርቶ ግማሹን ደብቋል። አባባ ስሜን ሲጠራ ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ቀድቶታል፤ ያሰማችሁ።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ታናሽ እህቴ በየነች ለጋሽ ካሣዬና አብረዋቸው ላሉት ሽማግሌዎች የጻፈችው ነው። «ደብቋል»… አሥራ ስድስት ዓመት ያንን ቡና የኮተኮትኩት እኔ። የጎነደልኩትም እኔ። አባባ በገዛ አፉ ለእኔ ብሏል። ምን የሚደበቅ ነገር አለ?

ሌላ የሚጻፍ የለም። ቢሮ ዋልኩ። ዝናብ። በአካባቢው የቡና ለቀማ ተጀምሯል፣ ሠራተኛ ግን የለም።

ጥቅምት 15

ማጫወቻውን ከሻንጣ አወጣሁት። በ2000 ጅማ የገዛሁት ነው፤ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ድምፅም ይቀዳል። አይበራም። ሦስት ሰዓት ቻርጅ ላይ ቆየ፤ ምንም። ኮምፒውተሩም አላወቀውም። ጀርባው ጎበጥ ብሏል። ባትሪው አብጦ ይሆን?

ለጋሽ ካሣዬ ደወልኩ። የቀጠሩን ለኅዳር 6 ነው። «ድምፁን አሰማችኋለሁ» አልኳቸው። ሳይበራ ቃል መግባቴ… ቸኮልኩ።

ጥቅምት 18

ሚዛን ከተማ ውስጥ ሦስት ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። አንዱ ዕቃውን በእጁ እንኳ ሳይዝ «አባት፣ ይኼን ጥለው ፍላሽ ይግዙ» አለኝ። ሦስተኛዋ ፀደንያ ትባላለች። ከፈተችው። ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቷል።

«ውስጡ ያለው ይጠፋል?»

«ባትሪው ሌላ፣ ድምፁ ያለበት ሌላ ነው ጋሼ። ግን ቦርዱ ደህና ይሁን አይሁን እኔ አልምልም።»

በልኩ የሚገባ ባትሪ የላትም። ከአዲስ አበባ ይመጣል ትላለች። መቼ? «ሲመጣ።» ይህ መልስ አይደለም። ቀን ንገሪኝ አልኳት። አልነገረችኝም።

ጥቅምት 26

አልመጣም።

ኅዳር 1

መጣ። በማስመሪያ ለካሁት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከማጫወቻው ሽፋን ውስጥ ትንሽ ፕላስቲክ ሞረደችለት። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ከመበየዷ በፊት ሁለት ጊዜ በቴስተር አስለካኋት።

«ለልጅዎ ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነው ጋሼ?»

«ራሱ ነው የመረጠው።»

«ተርፋለች።»

በራ። የቅጂዎቹ ዝርዝር ወጣ። እዚያ አልሰማሁትም… ሰው ይሰማል።

ኅዳር 2

ባለቤቴን ሔዋንን ጠርቼ አብረን ሰማነው። መጀመሪያ የአባባ ሳል። ቀጥሎ «ቡናው ለከፈለኝ» አለ። እኔ እንዳልኩት፣ ቃል በቃል።

«ሰማሽ?»

«ዝም በል፣ አላለቀም» አለችኝ።

አላለቀም ነበር። «ለበየነች ደግሞ…» አለ አባባ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፦ «ይበቃል አባባ፣ ባትሪው አልቋል።» ተቋረጠ።

ይህንን ረስቼው ነበር? እንዴት ይረሳል? አባባ በሁለተኛው ቀን አንደበቱ ተዘጋ። ሳይናገር ሞተ። ሔዋን ተነሥታ ወጣች።

ኅዳር 3

ባትሪ ካለቀ አለቀ፤ የእኔ ጥፋት አይደለም። ይህንኑ ለማረጋገጥ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። የእያንዳንዱ ቅጂ ቀንና ሰዓት አለ። የአባባ ቃል፦ ሚያዝያ 18 ቀን 2001፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ያበቃል። የሚቀጥለው በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ከሁለት ላይ ይጀምራል። ከሬዲዮ የቀዳሁት ኳስ ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ።

አባባ ቤት ያን ጊዜ መብራት አልገባም ነበር። ቻርጅ ላደርገው አልችልም ነበር።

ለኳሱ ብዬ ነው ያቋረጥኩት? ወይስ የሚቀጥለውን ቃል ፈርቼ? አላስታውስም። ደጋግሜ ሰማሁት፤ ድምፄ ላይ ምንም አይታወቅም።

ኅዳር 4

ፀደንያ ጋ ሄድኩ። ድምፅ መቁረጥ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይቻላል። ከየት ላይ?»

«‹ለከፈለኝ› ከሚለው በኋላ።»

እጇ ቆመ። «ጋሼ፣ ለሽማግሌ የሚሰማ ነው ያሉኝ አይደል?»

«ተይው» ብዬ ማጫወቻውን ነጥቄያት ወጣሁ። ባትሪ ቀይሪ አልኳት እንጂ ፍረጂኝ አላልኳትም። ደግሞስ መቼ ፈረደች? ጠየቀች እንጂ።

ኅዳር 6

ሁሉንም አሰማኋቸው። እኔ ያቋረጥኩበትንም። ቀጥሎ ኳሱን ከፈትኩ፣ ሰዓቱንም ነገርኳቸው።

ጋሽ ካሣዬ «ኳሱ ምን ያደርግልናል?» አሉ።

«ባትሪው አለማለቁን ያሳያል።»

በየነች ከቴፒ በጠዋት መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ማን አሸነፈ ከፌ?» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ድርሻሽን ተናገሪ ቢሏት፣ «አሥራ ስድስት ዓመት አባባ ስምሽን አልጠራም ሲለኝ ኖሯል፤ ዛሬ ቡና አልቆጥርም» ብላ ተነሣች። ጋሽ ካሣዬ ከኋላዋ ተጣሩ። ባጃጅ ውስጥ ገብታለች።

ኅዳር 8

ዛሬ ለበየነች የላክሁት፣ ቅጂው፦

«በየነች፣ ለሽማግሌዎቹ የጻፍሽው ‹ደብቋል› የሚለው ቃል አናዶኝ ነበር። ቃሉ ትክክል ነው፤ በሽማግሌ ፊት አፍ አውጥቼ ስላላልኩት እዚህ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩትን ለጋሽ ካሣዬም ሰጥቻለሁ። አባባ ስምሽን ጠርቷል። ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ሊል የነበረውን አሁን ማንም አያውቅም፤ እኔም በግምት አልሞላውም። ስለዚህ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ከየትኛው ወገን፣ ምን ያህል መሬት፣ ችካሉ የት እንዲተከል እንደምትፈልጊ ጻፊ። የጻፍሽውን ሳልከራከር እፈርማለሁ። ካንቺ ቃል በፊት የዘንድሮውን ፍሬ አላስለቅምም፤ ቀልቷል፣ ብዙ አይቆይም። ተነሥቶ መሄድ መልስ አይደለም። በሰው አፍ የሚመጣም አልቀበልም። እስከ ኅዳር 20 በራስሽ እጅ ጽሑፍ መልሺልኝ።»